የዳንቴል ሥራና የመማማር ልማድ

ዳንቴል የሌለበት የከተማ ቤት በአገራችን ጥቂት ነው። በሬዲዮው ላይ፣ በቴሌቪዥኑ አናት፣ በሶፋው መደገፊያ፣ በረከቦቱ ላይ ወይም በሙሽሮች አልጋ ላይ ተዘርግቶ እናየዋለን። ብዙውን ጊዜ ግን የምናየው ጨርቁን እንጂ ሥራውን አይደለም። ስለ ሸማኔ ጥበብ፣ ስለ ሸክላ ሥራ፣ ስለ ስፌት ብዙ ተጽፏል። ዳንቴል ግን «ሴቶች ሥራ ሲፈቱ የሚነካኩት ነገር» እየተባለ ስለሚታለፍ፣ እንዴት እንደሚሠራና በተለይም እንዴት ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ የጠየቀ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም። የማስተማር ሙያን እናጠናለን የምንል ሰዎች፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ መጽሐፍና ያለ ፈተና ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ የኖረን ትምህርት ችላ ብለን ማለፋችን ይገርመኛል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ዳንቴል» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ በዚያው ቋንቋ «ጥርስ» ከሚለው የወጣ፣ «ትንሽ ጥርስ» እንደ ማለት ነው። ይኸውም የጨርቁ ጠርዝ ወጣ ገባ እያለ ስለሚያልቅ ነው። የመርፌው ስም «ኪሮሽ»ም እንዲሁ የፈረንሳይኛ ዘር ያለው ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ መንጠቆ» ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ «ለገሀር» ብለን የጣቢያውን ስም እንደ ወሰድን ሁሉ፣ የዕቃውንም ስም ከዕቃው ጋር ወሰድን ማለት ነው።

ዳንቴል በዓለም ላይ በሦስት ዋና ዋና መንገዶች ይሠራል። አንደኛው በተራ የስፌት መርፌና ክር የሚሠራው ነው። በፈረንሳይ አገር በአላንሶን ከተማ የሚሠራው ዝነኛ ዳንቴል የዚህ ዓይነት ሲሆን፣ አንዷን ሴንቲ ሜትር ካሬ ብቻ ለመጨረስ 7 ሰዓት ይፈጃል፤ ሙያውን በሚገባ ለመያዝም ከ7 እስከ 10 ዓመት ይወስዳል። ሁለተኛው ክሩ የሸማኔን ቀሰም በሚመስሉ በርካታ ትንንሽ እንጨቶች ላይ ተጠቅልሎ፣ በትራስ ላይ በስፒል እየተያዘ እንደ ሹሩባ የሚጎነጎነው ነው። በስሎቬንያ በኢድሪያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1876 የተከፈተ የዚህ ሥራ ትምህርት ቤት ዛሬም ድረስ ያስተምራል። ሦስተኛው እኛ የምናውቀው፣ በአንድ ኪሮሽና በአንድ ክር ብቻ የሚሠራው ነው። በአውሮፓ በሰፊው የተሠራጨው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ስለሆነ ከሦስቱ ታናሹ እሱ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ከዘምቢል ጥግ የሚገባ፣ ዋጋውም ትንሽ በመሆኑ ከሌሎቹ ይልቅ ርቆ ተጉዟል።

ወደ እኛ አገር ሲመጣ ከገባባቸው በሮች አንዱ ትምህርት ቤት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤቶችም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1931 እንደ ተከፈተው እንደ እቴጌ መነን ባሉ የሴቶች ትምህርት ቤቶች ዘንድ የእጅ ሥራ ለልጃገረዶች ይሰጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሆነው ነገር የበለጠ የሚያስደንቅ ነው። ዳንቴሉ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ግቢ ገባ፤ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች እጅ ደረሰ፤ እነዚያም በተራቸው ትምህርት ቤት ለሚሄዱ ልጆቻቸው አስተማሩት። በዚህ ረገድ ከሸማኔው ሙያ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሽመና ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ በቤተ ሰብ የታጠረ፣ ሠሪውም በጥበቡ እየተፈለገ በስሙ ሲሰደብ የኖረበት ሙያ ነበር። ዳንቴል ግን ከውጭና ከትምህርት ቤት ስለ መጣ ስድብ አልተከተለውም። የማንም ዘር ርስት ስላልሆነም ማንም ለማንም ሊያስተምረው ቻለ።

እንግዲህ አስተማሪዋ ማን ናት? እንዴትስ ታስተምራለች? ማንኛችንም ያደግንበትን ሰፈር ብናስታውስ መልሱ ከዚያው ይገኛል። ከምሳ በኋላ፣ ቡና ሲቆላ፣ ሁለት ሦስት ሴቶች የጀመሩትን ሥራ በላስቲክ ወይም በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይመጣሉ። ልጅቱ በመጀመሪያ የሚደርሳት ልቃቂቱን መያዝ ነው፤ ክሩ እንዳይወሳሰብ እያላላች ትለቃለች። ይህ ሥራ ቀላል ይምሰል እንጂ ዓይኗ ከትልቋ ሴት ጣቶች ላይ እንዳይነቀል ያደርጋታል። ከዚያ አሮጌ ኪሮሽና ትርፍ ክር ይሰጣትና ሰንሰለቱን ትጀምራለች። አንድ ቀለበት፣ በቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት፣ በዚያም ውስጥ ሌላ። አንድ ክንድ ሙሉ ሰንሰለት ትሠራለች፤ ይተረተራል፤ እንደገና ትሠራለች። ሰንሰለቱ ጠብቆም ላልቶም ሳይሆን አንድ ዓይነት ሲሆንላት ብቻ የሰንሰለቱን ሁለት ጫፍ አጋጥማ ክብ መጀመር ይፈቀድላታል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ትምህርት በአብዛኛው በጥያቄ ነው።

«እትዬ፣ ጠፋብኝ።»

«የት ላይ ነው የጠፋብሽ? እስቲ አምጪው። ቁጠሪልኝ።»

«አምስት፣ ስድስት... እዚህ ጋ ሰባት ሆነ።»

«በይ እንግዲህ እስከዚያ ድረስ ተርትሪው።»

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልግ ነገር አለ። ከኪሮሹ የሚወጣውን እያንዳንዱን የክር እጥፋት ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ቋጠሮ» እንበለው፤ በየሰፈሩ ስሙ ይለያያልና። ይሁን እንጂ እንደ እውነተኛ ቋጠሮ ተቋጥሮ የሚቀር አይደለም። ጫፉን ቢስቡት ሥራው ሁሉ ወደ ክርነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ስሕተት በዳንቴል ላይ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ይታያል፤ ክቡ ይጣመማል፣ አበባው አንድ ቅጠል ይጎድለዋል፤ ስለዚህ አስተማሪዋ ሳትናገር ሥራው ራሱ ለልጅቱ ይናገራል። ሁለተኛ፣ ሳይጎዳ ይፈታል፤ ክሩ አይበላሽም፣ የሚጠፋው ጊዜ ብቻ ነው። በእኛ ክፍል ውስጥ ግን ስሕተት በቀይ ቀለም ተሰምሮበት፣ ከማርክ ተቀንሶ፣ በመዝገብ ሰፍሮ ይቀራል። ተማሪው ስሕተቱን ከየት እንደ ጀመረ ወደ ኋላ ሄዶ እንዲፈልግ የምናደርገው ስንት ጊዜ ነው? «እስከዚያ ድረስ ተርትሪው» የሚለው ትእዛዝ ቅጣት ያለመሆኑን ልጅቱ ታውቃለች፤ ምክንያቱም እትዬም ራሳቸው ያለፈው ሳምንት ሦስት ዙር ሲተረትሩ አይታቸዋለች።

ሌላው የመቅዳት ነገር ነው። አዲስ ንድፍ የሚገኘው ከመጽሐፍ አይደለም። አንዲት ጎረቤት ለሠርግ ሄዳ ያየችውን፣ ወይም ዘመድ ከሌላ ከተማ ያመጣችላትን ናሙና ትዋሳለች። ናሙናው ለአንድ ሳምንት ከቤት ቤት ይዞራል። ተዋሹዋ በመስኮት ብርሃን ወደ ላይ አንሥታ፣ ባዶ ቦታውንና ሙሉ ቦታውን በጥፍሯ እየነካች ትቆጥራለች፤ ከዚያም በራሷ ክር ላይ ትሞክረዋለች። ይህን የሚከለክል የለም፤ እንዲያውም «የእገሊትን ነው የቀዳሁት» ማለት ለባለቤቲቱ ክብር ነው። በትምህርት ቤት ቋንቋ ይህ ኩረጃ ይባል ነበር። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። በፈተና ወረቀት ላይ መልሱን ሳይገባ መገልበጥ ይቻላል፤ ዳንቴልን ግን አሠራሩን ሳያውቁ መገልበጥ አይቻልም። የምትቀዳው ሴት እያንዳንዱን ቋጠሮ ራሷ ማንበብና ራሷ መሥራት አለባት። ስለሆነም የቀዳች ሁሉ ተምራለች ማለት ነው።

ደግሞም በዚህ ክበብ ውስጥ ዋና አስተማሪ የሚባል ሰው የለም። ሰንሰለት የቻለችው ሰንሰለት ያልቻለችውን ታሳያለች፤ አበባ የቻለችው ሰንሰለት የቻለችውን። በአንድ ደረጃ ብቻ የቀደመች ልጅ ብዙ ጊዜ ከባለሙያዋ የተሻለች አስተማሪ ናት፤ ያስቸገራት ነገር ገና ከአእምሮዋ አልጠፋምና። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚል መፈክር በየግድግዳው ይታይ ነበር። የዳንቴል ሴቶች ግን መፈክሩ ከመጻፉ አስቀድመው ሲሠሩበት ኖረዋል።

በውጭ አገር ያሉ የትምህርት ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን መማማር በጥናት ደርሰውበታል። ጂን ሌቭ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በ1970ዎቹ ዓመታት በላይቤሪያ የልብስ ሰፊዎችን ደቀ መዛሙርት ተከታትለው አጥንተዋል። ያገኙትም ነገር ደቀ መዝሙሩ ትምህርቱን የሚጀምረው ከልብሱ ማጠናቀቂያ፣ ማለትም ቁልፍ ከመትከልና ጠርዝ ከመቀምቀም መሆኑን ነው። ወደ መስፋት የሚሄደው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ጨርቅ መቁረጥ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ገና ጀማሪ ሳለ ሙሉውን ልብስ ያውቀዋል፤ ቢያበላሽም ኪሳራው ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከኤትየን ዌንገር ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ መማር ማለት ከአንድ የሥራ ማኅበረ ሰብ ዳር ገብቶ ቀስ በቀስ ወደ መሀል መጠጋት ነው ሲሉ አስረድተዋል። ልቃቂት የያዘችው ልጃችን ከዚያው ዳር ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው።

በአገራችን ይህ ዓይነቱ መማማር ከሁሉ ይበልጥ ሥርዓት ይዞ የታየው በሐረር ነው፤ ሥራው ዳንቴል ሳይሆን ስፌት ቢሆንም። በጀጎል ግንብ ውስጥ የሐረሪ ልጃገረዶች ስፌት የሚማሩበት «ሞያ ጋር» የሚባል ቤት ነበር፤ «ጋር» በሐረሪ ቋንቋ ቤት ማለት ነው። በሰፈሩ የተከበረች፣ እጇ የተመሰገነ ሴት በቤቷ ልጃገረዶችን ሰብስባ ሥራውን ታሳያቸዋለች። ልጃገረዶቹ አንድ ላይ ተቀምጠው፣ እየተጫወቱና እየዘፈኑ ስፌታቸውን ይሠራሉ፤ ከሙያው ጋር የአነጋገርና የአቀማመጥ ጨዋነትንም ይማራሉ። ከዚያ የሚወጣው ስፌት በሙሽራዪቱ ቤት ግድግዳ ላይ በሥርዓት ይሰቀላል፤ ወደ ቤቱ የገባ እንግዳ ሁሉ የልጅቱን ትጋት ከግድግዳው ላይ ያነባል። ልብ በሉ፤ ይህ ቤት ትምህርት ቤት ነው፣ የባልንጀሮች ማኅበር ነው፣ የሙያ ማስመስከሪያም ነው። ሦስቱን ለያይተን በሦስት ቦታ ያስቀመጥናቸው እኛ ዘመናዊ ነን ባዮቹ ነን።

ታዲያ ክበቡ የተፈጠረበትን ሰፈር ትቶ የሄደ ሰው ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ ያሳሰበኝ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ኪኩቦ የሚባለውን ገበያ ባየሁ ጊዜ ነው። ኪኩቦ ከአሮጌው የታክሲ መናኸሪያ ብዙም ሳይርቅ በመሀል ከተማ የሚገኝ የጅምላ ንግድ መተላለፊያ ሲሆን፣ ስሙም በሉጋንዳ ቋንቋ ጠባብ መንገድ እንደ ማለት ነው። የእኛን መርካቶ አንድ ጉራንጉር ወስዶ ግራና ቀኙን በሱቅ መሙላት፣ ከዚያ ካርቶን የተሸከሙ ወዛደሮችን በመካከሉ ማስሮጥ ነው። ሳሙናው፣ ስኳሩ፣ ብስኩቱ፣ ፕላስቲኩ ሁሉ በጅምላ ይወጣል። ወደዚያ የወሰደችኝ ዘመዴ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በካባላጋላ አካባቢ የምትኖር ናት። በቦርሳዋ አንድ ጣት የምታክል ክር በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ነበር፤ የጀመረችው ያልጋ ልብስ ክር አልቆባት ቀለሙንና ውፍረቱን የሚመስል ፍለጋ ላይ ነበረች። ሱቅ በሱቅ እየገባች ክሯን ከክራቸው ጎን ታስተያያለች። እሷ የነጋዴውን ቋንቋ በደንብ አታውቅም፤ ነጋዴውም የእሷን አያውቅም፤ ግን ክሩ ለሁለቱም ይናገር ነበር።

ቤቷ ስንመለስ ደግሞ ጎረቤቷ፣ ኡጋንዳዊት ሴት፣ የራሷን ሥራ ይዛ መጣች። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች በእጅ የተሠራ የወንበርና የጠረጴዛ ልብስ ከእኛው ያልተናነሰ የተወደደ ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች «ቪታምባ» ይሉታል። ሁለቱ ሴቶች የሚግባቡበት ቋንቋ ጥቂት እንግሊዝኛና ብዙ ጣት ነበር። ዘመዴ በሉጋንዳ መቁጠር የተማረችው ከዚህች ሴት ነው፤ ኤሙ፣ ቢሪ፣ ሳቱ፣ ኛ፣ ታኖ፣ ሙካጋ። ስድስት ቋጠሮ ስትደርስ ሙካጋ ብላ ቀና ትላለች። ከገበያና ከሰላምታ ቃላት በፊት ቁጥር መማሯ የሚያስቅ ቢመስልም፣ ለዳንቴል ሠሪ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ቋንቋ እሱ ነው። በዚያው አገር የቡጋንዳ ሰዎች ሙቱባ ከሚባል ዛፍ ልጥ እየቀጠቀጡ የሚሠሩት ዝነኛ ልብስ አለ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ከዓለም ቅርስነት ያስቆጠረው ነው። ያ ሙያ ግን እንደ እኛ ሽመና በዘር የሚወርድ፣ የንጎንጌ ጎሣ ሰዎች በኃላፊነት የሚጠብቁት ነው። እንግዳ ሰው ገብቶ ልማር ቢል በሩ ጠባብ ነው። የዳንቴሉ በር ግን ለመጤዋ ሴት ወዲያው ተከፈተላት።

ይህን ሁሉ ስል ዳንቴልን ያለ ነቀፋ ለማወደስ አይደለም። የዳንቴል ታሪክ ብዙ የተደበቀ ድካም አለበት። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ሕዝቡ በረኀብ ባለቀበት ጊዜ፣ ገዳማውያትና ደጋግ ሴቶች ለድኾች የኪሮሽ ሥራ እያስተማሩ ምርቱን ለሀብታሞች ሸጡላቸው። ብዙ ቤተ ሰብ በዚህ ከሞት ተርፏል። ይሁን እንጂ ሥራው እንዲፋጠን ሲባል አንዷ ጽጌረዳ ብቻ፣ ሌላዋ ቅጠል ብቻ እንድትሠራ፣ ሦስተኛዋ እንድታገጣጥም ይደረግ ጀመር። እንጀራ ተገኘ፤ ሙሉውን ሥራ የማወቅ ነገር ግን ከእጃቸው ወጣ። በሕንድ አገር በናርሳፑር የታየው ደግሞ የባሰ ነው። ማሪያ ሚስ የተባሉ ጀርመናዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት፣ በሚሲዮናውያን አማካይነት የዳንቴል ሥራ የተማሩ የዚያ አካባቢ ሴቶች በየቤታቸው ተቀምጠው ወደ ውጭ አገር የሚላክ ዳንቴል ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ፣ የሚከፈላቸው ግን እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳይተዋል። ምክንያቱስ ምን ነበር? «የቤት እመቤቶች ናቸው፤ በትርፍ ጊዜያቸው ነው የሚሠሩት» ስለሚባል ነው። ሠራተኛ ተብለው ስላልተቆጠሩ የሠራተኛ ዋጋ አልተከፈላቸውም። በመግቢያው ላይ «ሥራ ሲፈቱ የሚነካኩት» የሚለውን አባባል ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ቃሉ ቀላል ቢመስልም የሰውን ደመወዝ ሊወስድ ይችላል። ለራስ ደስታ መሥራትና በደስታ ስም መበዝበዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ተማሪዎቻችን ይህን እንዲለዩ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።

ዛሬ ክበቡ እየሳሳ ነው። የፋብሪካ ዳንቴል ገበያውን ከሞላው ቆይቷል። ለነገሩ መኪናው አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት መረብ የሚመስለውን የዳንቴል መደብ የሚሠራ መኪና ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1808 አካባቢ ሲሆን፣ በ1816 ሥራ አጥነት ያስቈጣቸው ሰዎች በሌሊት ገብተው ፋብሪካውን ሰባብረውበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እውነተኛው የኪሮሽ ሥራ እስከ ዛሬ ለፋብሪካ አልተመቸም፤ ከመኪና የሚወጣው እሱን የሚመስል ሹራብ መሰል ጨርቅ ነው። ስለዚህ በገበያ የምታዩት እውነተኛ የኪሮሽ ዳንቴል ሁሉ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ የአንዲት ሴት እጅ ያለፈበት ነው። ሌላው ለውጥ የስልኩ ቪዲዮ ነው። አንዲት ልጅ ዛሬ ብቻዋን ክፍሏ ተቀምጣ ከሌላ አህጉር ካለች ሴት ንድፍ መማር ትችላለች። ይህ ጥሩ ነው፤ ንድፉም በዛ። ነገር ግን ቪዲዮው የልጅቱን ሥራ አያይም፤ «እስቲ አምጪው፣ ቁጠሪልኝ» አይላትም።

በትምህርት ቤቶቻችን ደግሞ የእጅ ሥራና የቤት አያያዝ ትምህርት በፊት የነበረውን ቦታ አጥቷል። ከዚህም አልፎ በክፍል ውስጥ በጠረጴዛ ሥር ዳንቴል ስትሠራ የተያዘች ተማሪ ክሯንና ኪሮሿን የምትነጠቅበት ጊዜ አለ። በማስተማር ሰዓት ሌላ ሥራ መሥራት እንደማይገባ እስማማለሁ። የሚያሳዝነኝ የተነጠቀችው ልጅ ምን እንደምታውቅ የጠየቀ አለመኖሩ ነው። በሒሳብ 30 ከመቶ ያገኘች ልጅ 200 ቋጠሮ ያለውን ዙር አንድም ሳታጎድል ትዘልቀዋለች፤ ዙሩን ለ8 ቅጠል አካፍላ በየስንቱ መጨመር እንዳለባት ታውቃለች።

እኔ በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ይህንኑ በሒሳብ ትምህርት ዘዴ ክፍለ ጊዜ ሞክረነዋል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ክብ ዳንቴል ጠረጴዛ ላይ ዝርግ ብሎ እንዲተኛ በየዙሩ ስንት ቋጠሮ መጨመር አለበት? ሴቶቹ ሠልጣኞች መልሱን ከእጃቸው ያውቁታል፤ ለአጭሩ ቋጠሮ 6፣ አንድ ጊዜ ክር ተጠምጥሞ ለሚወጣው ረጅም ቋጠሮ 12። ለምን እንደሆነ ግን አንዳቸውም ተጠይቀው አያውቁም። የክብ ዙሪያ የሚገኘው ሬዲየሱን በ2 እና በፓይ በማባዛት ነው። ስለዚህ ሬዲየሱ በአንድ ቋጠሮ ቁመት በጨመረ ቁጥር ዙሪያው የዚያን ቁመት 6.28 እጥፍ ያህል ይጨምራል። ቁመቱና ስፋቱ እኩል ለሆነ አጭር ቋጠሮ ይህ 6 ቋጠሮ ግድም ነው፤ ቁመቱ የስፋቱን እጥፍ ለሆነው ረጅም ቋጠሮ ደግሞ 12 ግድም። እናቶቻችን የፓይን ስም ሳይሰሙ በጣታቸው ይዘውት ኖረዋል ማለት ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ሳሳይ የነበረው ዝምታ በሌላ ትምህርት ላይ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ከተገቢው በላይ ከተጨመረ ጨርቁ እንደ ሰላጣ ቅጠል ይርገበገባል። ሰፈር ውስጥ ይህ ስሕተት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1997 የላትቪያ ተወላጅ የሆኑት የሒሳብ ምሁር ዳይና ታይሚና፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ ሆን ብለው በየዙሩ በቋሚ ሬሾ እየጨመሩ በኪሮሽ ሠሩት። የተገኘው ቅርጽ ሃይፐርቦሊክ የሚባለው የጂኦሜትሪ ዓይነት ሲሆን፣ ከአንድ መሥመር ውጭ ባለ አንድ ነጥብ ላይ ለዚያ መሥመር ትይዩ የሆኑ ከአንድ በላይ መሥመሮች የሚያልፉበት ነው። ምሁራን ለብዙ ዘመን በሐሳብና በወረቀት ብቻ ሲያጠኑት የነበረውን በእጅ ይዞ ማጠፍ ተቻለ። ከዚህ ተነሥተው ማርጋሬትና ክሪስቲን ወርትሃይም የተባሉ እኅትማማቾች እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ የባሕር ኮራል በኪሮሽ መሥራት ጀመሩ፤ በልዩ ልዩ አገሮች በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኛዎቹም ሴቶች፣ ተባብረው ቀጠሉት። ሠሪዎቹ ደንቡን ትንሽ ትንሽ እያዛነፉ በሠሩት ቁጥር ቅርጹ ሕይወት ያለውን ኮራል ይበልጥ እየመሰለ ሄደ።

ለመሞከር ለሚፈልጉ መምህራን አሠራሩ ይኸው ነው። ተማሪዎቹ በአራት በአራት ይቦደኑ፤ በየቡድኑ ኪሮሽ የምታውቅ ወይም የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው ይኑር፤ ለዚያ ክፍለ ጊዜ አስተማሪው እሱ ነው። ሁሉም በ6 አጭር ቋጠሮ ክብ ይጀምሩ። አንዱ ተማሪ በየዙሩ 3 ብቻ ይጨምር፤ 6፣ 9፣ 12፣ 15፣ 18፣ 21። ሌላው 6 ይጨምር፤ 6፣ 12፣ 18፣ 24፣ 30፣ 36። ሦስተኛው በእያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ሁለት ይሥራ፤ 6፣ 12፣ 24፣ 48፣ 96፣ 192። አራተኛው ይቁጠር፣ በደብተር ይመዝግብ፣ ግራፉንም ይሣል። የመጀመሪያው ቆብ ይሆናል፤ ሁለተኛው ዝርግ ብሎ ይተኛል፤ ሦስተኛው ይርገበገባል። ክሩ ወፍራም ቢሆን ለመቁጠር ይመቻል፤ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ከጥቁር ይሻላል። ሦስተኛውን የያዘ ተማሪ በመጨረሻው ዙር 192 ቋጠሮ ስለሚጠብቀው ረዳት ያስፈልገዋል፤ ሥራውም በአንድ ክፍለ ጊዜ ስለማያልቅ ወደ ቤት ይውሰዱት። እቤትም እናት፣ አያት ወይም ጎረቤት ብታግዛቸው ኩረጃ ተብሎ ማርክ አይቀነስባቸው።